አምፑን ከመለወጥ በፊት መለካት

ከደብረ ሲና ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣውን መንገድ ለሚያውቅ ሹፌር ጣርማ በር ምን ዓይነት ቦታ እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ዳገቱ ጠመዝማዛ፣ ገደሉ ጥልቅ ነው። ጉሙ ከቆላው ተነስቶ ገደሉን ይዞ ይወጣና በጠራራ ቀን መብራት ያስበራል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ ያሠራው፣ ሕዝቡም እስከ ዛሬ የሙሶሎኒ ዋሻ የሚለው፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ዋሻ የሚገኘውም እዚሁ ነው። እንደ እኔ ላለ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ደግሞ ጣርማ በር መፈተኛ ነው። ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ተደብቆ የቆየ የኤሌክትሪክ ጉድለት እዚህ ሲደርስ ይጋለጣል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። መኪናው በከባድ ማርሽ ዳገቱን ሲይዝ የሞተሩ ዙር ይጨምራል፤ ዲናሞውም አብሮ ይፈጥናል። ለጉሙ የፊት መብራት ይበራል፤ ለካፊያው መጥረጊያ፣ ላብ ለያዘው መስታወት ደግሞ ማራገቢያው ይከፈታል። ይህ ሁሉ ጭነት በተደራረበበት ሰዓት፣ በኋላ የተገጠመ አምፕሊፋየር (አምፕ) ካለ፣ የአገጣጠሙ ጉድለት ይወጣል። ወይ ያፏጫል፣ ወይ ይቆራረጣል፣ ወይ ቀይ መብራት አብርቶ ዝም ይላል።

እኔ የምሠራው በዚህ መስመር በሚመላለሱ ሚኒባሶች፣ አይሱዙዎችና የቤት መኪኖች ላይ ነው። የድምፅ ችግር ይዞ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሶ ነው የሚመጣው። «ጋሼ፣ አምፑ ሞቷል፤ ሌላ ልግዛ?» ይለኛል። መልሴ አንድ ነው፤ ሳንለካ ምንም አትግዛ። ሰው በላቡ ያገኘውን ገንዘብ፣ ጤነኛ ዕቃ አስወጥቶ ሌላ ጤነኛ ዕቃ ለማስገባት ሲከፍል ማየት ያንገበግበኛል። ችግሩም አይለቀውም፤ ከአሮጌው አምፕ ወደ አዲሱ ይተላለፋል። ይህን የምጽፈው ባለ መኪናው ምን መጠየቅ እንዳለበት፣ ጀማሪው ባለሙያም ከየት መጀመር እንዳለበት እንዲያውቅ ነው።

ፋብሪካው የሰጠው ቴፕ

ሰው የመኪናውን ቴፕ የሚያስነካው ለቅንጦት ብቻ አይደለም። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖችን እንውሰድ። ጃፓን ውስጥ የኤፍ ኤም ሬዲዮ ለረጅም ዘመን የተሰራጨው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው፤ በኋላ እስከ 95 ተዘርግቷል። የእኛ ጣቢያዎች ያሉት ደግሞ ከ87.5 እስከ 108 ባለው ክልል ነው። ስለዚህ እንዲህ ባለ መኪና አዲስ አበባ ውስጥ የሚነዳ ሰው ኤፍ ኤም 97.1ንም፣ ፋና 98.1ንም፣ ሸገር 102.1ንም አያገኝም። ወይ ከአንቴናው ላይ ሞገዱን ወደ ታች የሚያወርድ ትንሽ መሣሪያ ያስገባል፣ ወይ ቴፑን ይለውጣል። ለዚህም ዳሽቦርዱ ይፈታል። ዳሽቦርዱ ከተፈታ ዘንድ ደግሞ «በዚያው አምፕም ይጨመርበት» ይባላል።

ሁለተኛው ምክንያት ጉልበት ነው። ፋብሪካው የገጠመው ቴፕ ለአንድ ስፒከር በእውነት የሚሰጠው ከ15 እስከ 20 ዋት ቢሆን ነው። ቴፑ በእጁ ያለው የመኪናው 14 ቮልት ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ ሊገፋ አይችልም። አምፕሊፋየር ግን በሆዱ ውስጥ ያንን ቮልት ከፍ አድርጎ የሚለውጥ ክፍል አለው፤ ጉልበቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። በዚያው ልክ ከባትሪው ብዙ ይጠጣል።

ከመነካቱ በፊት ሁሉም ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከቴፑ ወደ ስፒከር የሚሄዱት ሁለቱም ሽቦዎች ኤሌክትሪክ አለባቸው። ሙዚቃው ቆሞ ቴፑ በርቶ እያለ እያንዳንዱ ሽቦ ከመኪናው አካል ጋር ቢለካ 6 ቮልት ገደማ ያሳያል። «ይሄኛው ኔጌቲቭ ነው» ብሎ አንዱን ከሻንሲው ጋር ማሰር የቴፑን አይሲ ያቃጥላል። በእጄ ከገቡ የተቃጠሉ ቴፖች ብዙዎቹ በዚህ የተቃጠሉ ናቸው።

ስለዚህ ከፋብሪካው ቴፕ ድምፅ ወደ አምፕ የሚወሰደው በሁለት መንገድ ነው። አምፑ የስፒከር ሽቦ በቀጥታ የሚቀበልበት ሶኬት ካለው በዚያ ይገባል። ከሌለው የስፒከሩን ድምፅ አሳንሶ ወደ አርሲኤ ገመድ የሚለውጥ ትንሽ ሳጥን በመሃል ይገባል። ይህች ሳጥን ርካሽ ናት፤ ነገር ግን ለብዙ ችግር መነሻ የምትሆነው እሷ ናት።

አንዳንድ መኪና ደግሞ ከፋብሪካው የራሱ አምፕ፣ ሁለት ወይም ሦስት ኦም የሆኑ ስፒከሮች ተገጥመውለት ይመጣል። አንዳንዱ ቴፕ ስፒከሩ ሲነቀልበት «ስፒከር የለም» ብሎ ድምፁን ይዘጋል፤ እንዲህ ሲሆን በስፒከሩ ቦታ የሚቆም ሬዚስተር ይፈልጋል። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት የመኪናውን የሽቦ ንድፍ ማየት ግድ ነው። በጀርመን ሠራሽ መኪኖች ላይ ድምፁ በመዳብ ሽቦ ፋንታ በብርሃን ገመድ የሚሄድበትም አለ፤ እዚያ ላይ በሙከራ የሚሠራ ነገር የለም።

ድምፁ ምን ይላል?

ቴስተር ከማንሳቴ በፊት አዳምጣለሁ። ጩኸት ሁሉ አንድ አይደለም፤ የሚጮህበት ሁኔታ ምንጩን ይጠቁማል።

ነዳጅ ሲረገጥ እየቀጠነ የሚወጣ፣ ሲለቀቅ የሚወርድ ፉጨት ከሆነ የዲናሞው ነው። ዲናሞው የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ተጣርቶ ሲወጣ ሞገዱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ትንሽ ንዝረት ይቀራል። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር ዲናሞው 5,000 ገደማ ሊዞር ይችላል፤ በተለመደው ዲናሞ ላይ ይህ በሰከንድ ወደ 3,000 ንዝረት ይሆናል። የሰው ጆሮ ደግሞ አጥርቶ የሚሰማው በዚሁ አካባቢ ያለውን ድምፅ ነው። ትንሿ ንዝረት ጎልታ የምትሰማው ለዚህ ነው።

ፍሬቻ በበራ ቁጥር «ጧ» የሚል ከሆነ በማብሪያው በኩል የሚገባ ነው። ሞተሩ ጠፍቶም የሚያጉረመርም ከሆነ ከዲናሞው ጋር አይገናኝም፤ የድምፅ ገመዱ የሆነ ቦታ ላልቷል ወይም ተልጧል። ሬዲዮ ሲከፈት ብቻ የሚሰማ፣ ከፍላሽ ሲጫወት የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ በአንቴናው የሚገባ ስለሆነ አምፑ ንጹሕ ነው። ይህን ለመለየት ዋሻው ይረዳኛል። ዋሻው ውስጥ ሲገባ ጣቢያው ይጠፋል፤ ወዲያው ወደ ፍላሽ እንዲዞር አደርጋለሁ። ፉጨቱ እንደዚያው ከቀጠለ ምንጩ መኪናው ውስጥ ነው።

የምፈትንበትን ሙዚቃም እመርጣለሁ። አንድ ማሲንቆ ብቻውን የሚጫወትበት፣ በመሃል ትንፋሽ የሚሰበሰብበት ዘፈን ይሻለኛል። ድምፅ በተጨናነቀበት ዘፈን ውስጥ ፉጨት ይደበቃል፤ በማሲንቆው ዕረፍት መሃል ግን መደበቂያ የለውም። ለባስ ደግሞ ከበሮ እመርጣለሁ። ጣርማ በርን አልፎ የሚሄደው መንገድ የአምባሰልና የባቲ አገር ወደሆነው ወሎ ስለሚወስድ በዚህ መስመር ሹፌር ዘንድ ሁለቱም አይጠፉም።

ዳገት ላይ የሚያለቅሰው ሚኒባስ

አንድ የሚኒባስ ሹፌር «ሜዳ ላይ ሰላም ነው ጋሼ፤ ዳገቱን ስጀምር አብሮኝ ያለቅሳል» ብሎ መጣ። አምፑን አንድ ጊዜ አስለውጧል። ሁለተኛ ሊያስለውጥ ገንዘብ ይዟል። አምፑ ከኋላ ካለው ወንበር ሥር ነው፤ ፖዘቲቩ ከባትሪ ረጅም ገመድ ተጎትቶለታል፤ ማሳው፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኘው ኔጌቲቭ፣ ደግሞ በአጭር ሽቦ ከወንበሩ ብሎን ጋር ታስሯል።

ሞተሩን አስነስቼ ባትሪው ላይ ስለካ 14.1 ቮልት አገኘሁ፤ ጤነኛ ነው። ሞተር በተነሳበት ሰዓት ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። ድምፁን ከፍ አድርጌ አምፑ ላይ ስለካ 12.9 ብቻ ነበር። 1.2 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። የት ቀረ? ይህን ጥያቄ የሚመልስ ቀላል ዘዴ አለ፤ ቴስተር ያለው ሁሉ ሊሠራው ይችላል። የቴስተሩን አንድ እግር ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን እግር አምፑ ኔጌቲቭ ላይ አድርጎ፣ ሙዚቃው ጮክ ብሎ እየተጫወተ መለካት ነው። መስመሩ ጤነኛ ከሆነ ከ0.1 ወይም ከ0.2 ቮልት አይበልጥም። በዚህ መኪና ላይ 0.7 ቮልት አሳየ። እንዲሁ በፖዘቲቩ በኩል ስለካ 0.5 ሆነ። ሁለቱ ተደምረው የጠፋውን 1.2 ቮልት ይሰጡናል። ስለዚህ ትልቁ ጥፋት ማሳው ላይ ነበር።

የወንበሩን ብሎን ፈታሁት። የማሳው ቀለበት ከሥሩ ያረፈው ቀለም ላይ ነበር። ሲገጠም ትንሽ ተፍቆ ነበር፤ የተፋቀውን ቦታ ግን ዝገት ቡናማ አድርጎታል። ምንጣፉን ስዳስሰው እርጥብ ነው። ይህ በእኛ አካባቢ የታወቀ ነው። በጉምና በካፊያ የሚመላለስ መኪና፣ ተሳፋሪው በጫማው ይዞት የሚገባው ውኃ፣ የሌሊቱ ብርድ ተደማምረው ከምንጣፍ ሥር ያለ ብረት ደርቆ አያውቅም። የወንበር ብሎን ወንበር ለመያዝ የተሠራ እንጂ 40 አምፒር ለማሳለፍ የተሠራ አይደለም። ማሳ የሚታሰርበትን ቦታ ሻንሲው ላይ መርጬ፣ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፍቄ፣ ቀለበቱን በብሎንና በጥርስ ባለው ወሸር አጥብቄ፣ ላዩን እርጥበት እንዳይነካው ቅባት ቀባሁት። ገመዱንም ከፖዘቲቩ እኩል ወፍራም አደረግሁት። ድጋሚ ስለካ 0.05 ቮልት ሆነ።

ፉጨቱ በጣም ቀነሰ፤ ግን አልጠፋም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። አንድ መኪና ላይ ሁለት ጥፋት ሊኖር እንደሚችል ይረሳል። ቀጣዩ ፈተና አርሲኤውን ከአምፑ ላይ መንቀል ነው፤ ከመንቀል በፊት ቴፑንና አምፑን አጥፍቶ፣ ከነቀሉ በኋላ አብርቶ ማዳመጥ። አርሲኤው ተነቅሎ ፉጨቱ ከቀጠለ፣ በአምፑ የኃይል መስመር ወይም በራሱ በአምፑ ውስጥ ነው። ተነቅሎ ፀጥ ካለ ደግሞ ከአምፑ በፊት ባለው የድምፅ መስመር ይገባል ማለት ነው። የዚህ መኪና አምፕ ፀጥ አለ።

የድምፁን ገመድ ስከተለው ከባትሪው ከሚመጣው ወፍራም ገመድ ጋር በአንድ ፕላስተር ታስሮ ከዳር እስከ ዳር ሄዷል። ያቺ ትንሽ ሳጥን ደግሞ ማሳዋን የወሰደችው ከዳሽቦርዱ ሥር ነው፤ አምፑ ማሳውን የወሰደው ከኋላ ነው። በሁለቱ ማሳዎች መካከል ትንሽ የቮልት ልዩነት ሲኖር ልዩነቱ በድምፅ ገመዱ ሽፋን ላይ ይፈስሳል፤ አምፑም ያንን እንደ ሙዚቃ ቆጥሮ ያጎላዋል። የድምፅ ገመዱን በሌላው ጎን አሳለፍኩት፤ ሳጥኗንም ማሳዋ ከድምፁ በትራንስፎርመር የተለየ በሆነች ሌላ ሳጥን ለወጥኳት። ከደብረ ሲና ጀምረን ዳገቱን ወጣን። ማሲንቆው ሲያርፍ የሚሰማው የሞተሩና የጎማው ድምፅ ብቻ ሆነ። አምፑ ያው የነበረው አምፕ ነው። ለአዲስ አምፕ የተያዘው ገንዘብ ወደ ኪስ ተመለሰ።

ገመዱና ፊውዙ

ስለ ፖዘቲቩ መስመር በተለይ አጥብቄ የምናገረው የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ነው። ኤሌክትሪክ በቀጭን ገመድ ሲሄድ እንደ ቀጭን ቱቦ ውኃ ነው፤ መድረሻው ላይ ጉልበቱ ይደክማል። 5 ሜትር የሆነ ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ 40 አምፒር ሲያልፍበት ከግማሽ ቮልት በላይ ይበላል። ባለ 16 ቢሆን የሚበላው 0.2 ያህል ብቻ ነው። የተበላው ቮልት ደግሞ የትም አይሄድም፤ ሙቀት ይሆናል።

ገበያ ላይ ውጭው መዳብ የተለበጠ፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ገመድ ሞልቷል። ፕላስቲኩ ወፍራም፣ ቀለሙ ያማረ ነው። ለመለየት አንዷን ክር በምላጭ መፋቅ ነው፤ ከመዳቡ ሥር ነጭ ብረት ከወጣ አሉሚኒየም ነው። በእጅ ሲመዘንም ይቀላል። ከንጹሕ መዳብ ጋር ሲነጻጸር ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ሲሶ ያህል ስለሚያንስ፣ ያለው ምርጫ እሱ ብቻ ከሆነ በጣም ወፍራሙን መውሰድ ያስፈልጋል።

ፊውዙ የሚቀመጠው ከባትሪው ቅርብ ነው፤ ከ45 ሳንቲ ሜትር ባይርቅ ይመረጣል። ብዙ ሰው ፊውዝ አምፑን የሚጠብቅ ይመስለዋል። ይህኛው የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ገመዱ ብረት በስቶ ሲያልፍ ቢላጥና ከአካሉ ጋር ቢነካ፣ የመኪና ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ ገመዱ ይግላል፤ ምንጣፉና የወንበሩ ስፖንጅ ይቀጣጠላሉ። ተሳፋሪ የሞላ ሚኒባስ ቁልቁለት ላይ እያለ ይህ ሲሆን ምን ሊከተል እንደሚችል ማሰብ ይከብዳል። የተቃጠለ ፊውዝን በሽቦ ጠምጥሞ ማለፍ ለተሳፋሪው ነፍስ አለመጠንቀቅ ነው። ገመዱ ብረት በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ላይም የጎማ ቀለበት ይግባበት።

ፊውዙ ሌላም እውነት ይናገራል። ካርቶኑ ላይ 3,000 ዋት የተጻፈበት አምፕ ሲገዙ ጀርባውን ገልብጠው ፊውዞቹን ይቁጠሩ። ሁለት ባለ 30 ከሆኑ በድምሩ 60 አምፒር ነው፤ በ14 ቮልት ሲባዛ 840 ዋት ይሆናል። ይህ ከባትሪው የሚገባው ነው። ከዚያ ላይ አንድ አምስተኛው ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ ያለማቋረጥ ለስፒከር የሚደርሰው ከ700 ዋት አይዘልም።

አይሱዙና 24 ቮልት

የጭነት መኪና ሹፌሮች ጉዳይ ለብቻው ይታይ። በአይሱዙዎቹ ላይ ሁለት ባትሪ ተከታትሎ ታስሮ 24 ቮልት ይሰጣል። አምፑ ግን የ12 ቮልት ነው። ብዙዎች ከሁለቱ ባትሪዎች መሃል ገመድ ስበው 12 ቮልት ይወስዳሉ። ድምፁ ይመጣል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ነገር ግን አምፑ የሚጠጣው ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ነው። ዲናሞው ሁለቱን አንድ ላይ ስለሚሞላ አንዱ እየጎደለ፣ ሌላው ከመጠን በላይ እየተሞላ ይሄዳል። በመጨረሻ ሁለቱም ያልቃሉ፤ ጥፋቱም በባትሪ ሻጩ ይላከካል። መድኃኒቱ ሙሉውን 24 ቮልት ተቀብሎ 12 የሚያወጣ መለወጫ ነው። መለወጫው የሚችለው አምፒር ከአምፑ ፊውዝ ማነስ የለበትም።

ቀይ መብራት፣ የጠፋ ባስ፣ የማይነሳ መኪና

አምፑ ቀይ መብራት አብርቶ ከዘጋ ራሱን እየጠበቀ ነው። ምን እንዳስፈራው ለማወቅ መንገድ አለ። የስፒከር ሽቦዎቹን ሁሉ ከአምፑ ላይ ይንቀሉና ያብሩት። መብራቱ ከተስተካከለ ችግሩ ስፒከሩ ወይም ሽቦው ነው፤ አንድ በአንድ እየመለሱ ሲሞክሩ ጥፋተኛው ይገኛል። በበር ማጠፊያ በኩል የሚያልፈው ሽቦ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ስለሚታጠፍ ቶሎ ይላጣል፤ ከዚያ መጀመር አይከፋም። መብራቱ ካልተስተካከለ ደግሞ አርሲኤውንም ይንቀሉ። ፖዘቲቭ፣ ማሳና አምፑን የሚያነቃው ሪሞት ሽቦ ብቻ ቀርቶ፣ ቮልቱም ትክክል ሆኖ ቀዩ ካልጠፋ፣ ያኔ አምፑ ውስጡ ተበላሽቷል ብሎ መናገር ይቻላል።

ሲሞቅ ብቻ የሚዘጋ ከሆነ አቀማመጡን ይመልከቱ። ምንጣፍ የለበሰ አምፕ መተንፈስ አይችልም። በጣርማ በር ከፍታ አየሩ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቀኑ ቢበርድም የተሸፈነ አምፕ ይግላል።

ባስ የለም ለሚል ሰው ደግሞ መጀመሪያ የማየው አቅጣጫ ነው። ሁለት ስፒከር ካለ አንዱ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገላብጦ ከታሰረ፣ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ዝቅተኛው ድምፅ ተጣፍቶ ይቀራል። ለማወቅ ስፒከሩን ከአምፑ ነቅሎ በ1.5 ቮልት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ሽቦዎቹን ለቅጽበት መንካት ነው። ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ ጋር ከሆነ የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ብቅ ይላል። ወደ ውስጥ ከገባ ተገላቢጦሽ ነው። ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ካቻቪቴ ብቻ ነው፤ ሆኖም ስንቱ በዚህ ምክንያት ሰብ ዉፈር ገዝቷል።

ጠዋት መኪናው አልነሳም ካለ ሪሞት ሽቦውን ይመልከቱ። ይህች ቀጭን ሽቦ አምፑን የምታነቃ ናት። ከቁልፉ ጋር የምትበራና የምትጠፋ መስመር ላይ መታሰር ሲገባት፣ አንዳንዴ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ካለበት ቦታ ትታሰራለች። አምፑ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ያድራል። አንድ አምፒር ብቻ ቢጠጣ በአንድ ቀንና ሌሊት 24 አምፒር ሰዓት ነው፤ ይህ ከአንድ የቤት መኪና ባትሪ ግማሽ ያህል ነው። በዚህ ላይ የደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲጨመር ሞተሪኖው አይዞርም። ሁሉ ነገር ጠፍቶ፣ መኪናው ጥቂት ቆይቶ፣ ከባትሪው የሚወጣው ከ50 ሚሊ አምፒር በታች መሆን አለበት።

ጌይን የድምፅ መጨመሪያ አይደለም

አምፑ ላይ ጌይን የምትባለዋን ብሎን እስከ ጫፍ አዙሮ የሚሄድ ገጣሚ ሞልቷል። ጌይን የምታደርገው ከቴፑ የሚመጣውን ድምፅ መጠን ከአምፑ ጋር ማመጣጠን ነው። ጫፍ ላይ ከሆነች ቴፑ ገና ሩቡ ላይ ሳለ አምፑ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድምፅ ጫፉ የተቆረጠ ነው። ስፒከር የሚቃጠለው በአብዛኛው በዚህ ነው። ፉጨትና ጫጫታም አብሮ ይጎላል። ትክክለኛው አካሄድ ጌይኗን መጨረሻ ዝቅ አድርጎ መጀመር፣ ቴፑን ሦስት አራተኛ ድረስ መክፈት፣ ከዚያ ጌይኗን ቀስ እያሉ ከፍ ማድረግ፣ ድምፁ ሊሻክር ሲል ማቆምና ትንሽ መመለስ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪኖች

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በእኛም መንገድ ላይ እየበዙ ነው። ዲናሞ የላቸውም። ትንሿን 12 ቮልት ባትሪ የሚሞላው ከትልቁ ባትሪ ቮልቱን የሚያወርድ መለወጫ ነው። የመለወጫውን አቅም ሳያውቁ ትልቅ አምፕ መጫን መኪናውን ሊያቆመው ይችላል። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ገመዶች ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚያልፍባቸው ናቸው። ለድምፅ ሥራ ብሎ ወደ እነሱ የሚጠጋ እጅ ሊኖር አይገባም።

ክላክሱ ይሰማ

ጥሩ ድምፅ እወዳለሁ፤ ሥራዬም ነው። ግን ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲዘጋ፣ ከማዶ የሚመጣው መኪና ከመታየቱ በፊት የሚታወቀው በክላክሱ ነው። ያን ክላክስ የሚሸፍን ሙዚቃ አደጋ ነው። ጆሮም ገደብ አለው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም እንደሚለው 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን እስከ 8 ሰዓት ሊሰማ ይችላል፤ ከዚያ በላይ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ከአዲስ አበባ ደሴ ቀኑን ሙሉ የሚነዳ ሹፌር ይህን ያስብበት፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ተሳፋሪም ጆሮ አለው።

ከገጣሚው ምን ይጠየቅ?

መኪናዎን ሲያስረክቡ የሚጠይቁት ጥቂት ነገር ነው። የፋብሪካው ሶኬት እንዳይቆረጥ፣ ለመኪናው የሚስማማ መቀያየሪያ ሶኬት እንዲገባ ይጠይቁ፤ የማይቀር ከሆነ ግን መጋጠሚያው በስታኞ ይበየድ። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ መሆኑን በዓይንዎ ይዩ። ማሳው የት እንደታሰረ ያሳይዎት። ከዚያ ሙዚቃው እየተጫወተ በማሳው መስመር ላይ የሚጠፋውን ቮልት ፊት ለፊትዎ ይለካልዎት። እነዚህን ነገሮች ሲጠየቅ የሚቆጣ ገጣሚ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

የተለካው ቁጥር፣ የገመዱ ውፍረት፣ የፊውዙ መጠን፣ ሪሞት ሽቦው የተወሰደበት ቦታ በአንዲት ወረቀት ተጽፎ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። ከእኔ እጅ የሚወጣ መኪና ሁሉ ይህችን ወረቀት ይዞ ይወጣል። ነገ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ችግር ቢገጥመው፣ የማላውቀው የሙያ ባልደረባዬ ከዜሮ አይጀምርም፤ ቁጥሩ ከተለወጠ የት እንደተለወጠ ወዲያው ያያል። ቴስተር ዋጋው ከአንድ ጥሩ ስፒከር ያነሰ ነው። ባለ መኪናው ለመጠየቅ፣ ባለሙያውም ለመለካት እስካልሰነፉ ድረስ፣ በዚህ መንገድ ላይ ያለ ጥፋቱ የሚጣል አምፕ ቁጥር ይቀንሳል፤ በተላጠ ገመድ የሚነሳ እሳትም እንዲሁ።